የጀማሪው ካሜራና የእኔ ዓይን

ዓይኗ ደክሟል ተብሎ የተወራው በእኔ ላይ ነው። ያወራው ደግሞ ባዳ እንዳይመስላችሁ፤ ዋርሳዬ ነው፣ የሟቹ ባሌ ታናሽ ወንድም። ፎቶ ቤታችን በር ላይ ቆሞ ለገባ ለወጣው ሁሉ እንደ ምሥራች ነገረው። አሁን ነገሩ ካለፈ በኋላ «ተይው በቃ፣ እርሺው» የሚሉኝ አሉ። አልተውም። ትምህርቴ ትንሽ ነው፤ ፊደል ለይቼ እንደጨረስኩ ነው ከትምህርት ቤት የወጣሁት። የደረሰብኝን ለመጻፍ ግን እሱም ይበቃኛል።

ፎቶ ቤቱን የከፈቱት ሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው። ባሌ ያነሳል፣ ዋርሳዬ ከባንኮኒው ኋላ ተቀምጦ ደንበኛ ይቀበላል። ባሌ ታሞ ሲተኛ ካሜራውን እኔ ያዝኩ፤ እሱ ካለፈ በኋላም አልለቀቅኩም። ክፍላችን ጠባብና ረጅም ናት። ከፊት ባንኮኒው አለ፤ ግድግዳው ላይ ፀሐይ የመጠጣቸው የሙሽሮችና የሕፃናት ፎቶዎች ተሰቅለዋል። ከዚያ መጋረጃ። ከመጋረጃው ወዲያ ነጭ ጨርቅ የተዘረጋበት ማንሻ ቦታ፣ የምትሽከረከር በርጩማና ሁለት መብራቶች። በጎን በኩል ልጄ ኮምፒውተሩንና ማተሚያውን ይዛ ትሠራለች፤ አጠገቧ ፎቶ የሚቆረጥበት ጠረጴዛ አለ። ከመንገዱ ማዶ መታወቂያ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ስላለ፣ በሩ ከተከፈተ ጀምሮ ሥራችን ጉርድ ፎቶ ነው።

ጉርድ ፎቶ ቀላል የሚመስለው ላልሠራው ሰው ነው። ሰው በርጩማዋ ላይ ሲቀመጥ ፊቱ ይደርቃል። አንገቱን ይገትራል፣ ከንፈሩን ይነክሳል፣ ፍርድ የሚጠብቅ ነው የሚመስለው። ከዚያ መሀል አንድ አፍታ ራሱን ይረሳል፤ ትንፋሹን ለቀቅ ሲያደርግ የገዛ ፊቱ ይመጣል። እኔ የምጠብቀው ያችን አፍታ ነው። ቀኝ ዓይኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ደካማ ስለሆነች ካሜራ ውስጥ የማየው በግራዬ ነው። ግራዬ ግን የሁለቱንም ሥራ ትሠራለች፤ በዚህ ማንም ተናግሮኝ አያውቅም ነበር።

አሮጌው ካሜራ አንድ ቀን አንድ የታክሲ ሹፌር አስቀምጬ ሳለ «ክርክም» አለና ዝም አለ። ቁልፉን ብጫነው፣ ብነቀንቀው፣ ምንም የለም።

«ተነሳሁ?» አለ ሹፌሩ።

«ቆይ እስቲ።»

«ምነው እትዬ፣ ፊቴ ሰበረው እንዴ?»

ጠጋኙ ጋ ወሰድነው። ከፍቶ አየውና መልሶ ከደነው፤ የከደነበትን አኳኋን ሳይ ነው የገባኝ። አዲስ መግዛት ግድ ሆነ።

ካሜራ መሸጫው ሄድን፣ እኔና ዋርሳዬ። ነጋዴው ከራሱ ቀድሞ ሽቶው የሚደርስ ጎረምሳ ነው። ሁለት ካሜራ አውጥቶ የመስተዋት ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠ።

«ይሄ የጀማሪ ነው» አለ ትንሹን ነካ አድርጎ። «ይሄ ደግሞ መካከለኛ። የባለሙያ የሚባል አለ፣ እሱ ለእናንተ አይሆንም።»

ይህን ሁሉ የሚያወራው ለዋርሳዬ ነው። እኔ አጠገባቸው ቆሜ፣ ደንበኛ ረስቶት የሄደ ጃንጥላ መሰልኩ።

«የማነሳው እኔ ነኝ» አልኩት።

«ጎበዝ እማማ!» አለኝ።

እማማ! ገና ሃምሳ ያልሞላኝን ሴት! እሱ ራሱ ጢሙ በቅጡ አልሞላለትም። ምራቄን ዋጥኩና «የጀማሪ ማለት ምን ማለት ነው?» አልኩት።

«ቀለል ያለ ማለት ነው። ሁሉን በራሱ ይሠራል፣ አያስቸግርዎትም። ስክሪኑም እንደ ስልክ በጣት ሲነኩት ይታዘዛል። መካከለኛው ስክሪኑ በጣት አይታዘዝም፤ ሁሉም ነገር በቁልፍ ነው፣ ትንሽ ይከብዳል።»

ሁለቱንም አንስቼ ያዝኳቸው። የጀማሪው መዳፌ ውስጥ ጠፋ፤ ትንሿ ጣቴ የምታርፍበት አጥታ አየር ላይ ቀረች። ማያ መስኮቷ ላይ ዓይኔን ባደርግ ጨለም ያለች፣ ጠበብ ያለች፤ በቁልፍ ቀዳዳ የጎረቤት ቤት የማይ ነው የመሰለኝ። መካከለኛውን ሳነሳ ግን መዳፌን ሞላው። መስኮቱ ወለል ያለ ብርሃን። አንድ መዘውር ከሌባ ጣቴ ሥር፣ ሌላ መዘውር ከአውራ ጣቴ ሥር። ዓይኔን ከሰውየው ፊት ሳላነሳ፣ ካሜራውን ሳላወርድ፣ ብርሃኑን መጨመርም መቀነስም እችላለሁ። በጀማሪው ላይ ያለችው መዘውር አንድ ብቻ ናት፤ ሌላውን ለማስተካከል ቁልፍ ይዤ ማዞር አለብኝ፣ ያን ሳደርግ ደግሞ የምጠብቃት አፍታ ታመልጠኛለች።

«እኔ ይሄን ነው የምፈልገው» አልኩ።

ዋርሳዬ ሳቀ። «እትዬ፣ ይሄ እኮ ዝናብና አቧራ እንዳይገባው የታሸገ ነው አለ። እኛ ቤት ውስጥ ማን ነው የሚዘንበው?»

«ጣሪያው ነዋ። ያፈሳል ብዬ ስንቴ ነገርኩህ?»

ነጋዴው ሳቁን ዋጥ አደረገ። «እውነቱን ልንገርዎት እማማ፣ የሚያወጡት ምስል አንድ ነው ማለት ይቻላል። ለጉርድ ፎቶ ማንም አይለየውም።»

«ምስሉ አንድ ይሁን። እጄ ላይ ግን አንድ አይደሉም።»

«ሰማህ?» አለው ዋርሳዬ፣ እኔን ትቶ ወደ ነጋዴው ዞሮ። «እጄ ላይ ትላለች! ጫማ ልትገዛ የመጣች መሰላት።» ከዚያ የጀማሪውን አነሳና «ይሄን ጠቅልልልኝ» አለው።

በቃ፣ ተጠቀለለ። መንገድ ላይ ደግሞ ምን ይለኛል? «አሁን በዚህ ተለማመጂ፣ ሌላ ጊዜ እናያለን።» ተለማመጂ! የሰፈሩን ሰው ሁሉ መታወቂያ ላይ ያስቀመጥኩትን ሴት! ገና በወጉ ሳልሠራበት አንጀቴ አሮ ነበር።

እንዲያም ሆኖ ሥራዬን ጀመርኩ። በካሜራው ትንሽ ስክሪን ላይ ሲታዩ ፎቶዎቹ ሁሉም ቆንጆ ናቸው። ልጄ ኮምፒውተሩ ላይ ስታወጣቸው ግን ጉድ ፈላ። አንዱ ጥርት ይላል፣ ቀጣዩ ይበላሻል። ሲበላሽም ሙሉ በሙሉ ቢበላሽ ባልከፋኝ። ፊቱ እንፋሎት የገባበት ይመስላል፤ ከኋላው የተዘረጋው ጨርቅ ግን እጥፋቱ አንድ ሳይቀር ይታያል። ወይም ዓይኑ ጠፍቶ ኮሌታው ላይ ያለው ስፌት ይቆጠራል።

አንዲት አስተማሪ ከማዶው መሥሪያ ቤት ፎቶዋን ይዛ ተመለሰች። «አንቀበልም አሉኝ» አለች። «እስቲ እይው እትዬ። የጆሮ ጌጤ ላይ ያለው አበባ በቅጠሉ ይታያል። እኔ ግን የለሁም።»

ይቅርታ ብዬ እንደገና አነሳኋት። ከእሷ በኋላ አንድ ሽማግሌ መጡ፤ «ልጄ፣ እኔን ነው ወይስ ግድግዳውን ነው ያነሳሽው?» አሉኝ። ደግሞ ሌላ መጣ።

እኔ ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። አስተውዬ ያዝኩት። ማያ መስኮቷ ውስጥ ካሜራው ፎከስ የሚያደርግበትን ቦታ የምታሳይ ትንሽ ነጥብ አለች። ጨለማ ስለሆነ በግድ ነው የምትታየው። እሷን ፊት ላይ አድርጌ እተዋታለሁ፤ ከዚያ ሰውየው እስኪረጋ ስጠብቅ የለችም። ጥግ ሄዳለች። ለዋርሳዬ ባንኮኒው ላይ ሄጄ፣ «ነጥቧ ትሄዳለች» አልኩት።

«ማናት የምትሄደው?»

«ነጥቧ። ካሜራው ውስጥ ያለችው። መሀል አድርጌያት ወደ ጎን ትሄዳለች።»

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ በዝግታ፣ ለታመመ ሰው እንደሚነገረው ነው የነገረኝ። «እትዬ፣ ነጥብ አይሄድም። የሚሄድ ነገር እያየሽ ከሆነ ችግሩ ካሜራው አይደለም።»

እውነቱን መንገሬ ማስረጃ ሆነብኝ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ዓይኔ ደክሟል።

ዓይን ሐኪም ጋ ወሰደኝ። ሐኪሟ በግራዬ እስከ ታች ያለችውን ትንሿን መስመር አስነበበችኝና «በዚህ ዓይን ምንም ችግር የለም» አለች። ዋርሳዬ ስንወጣ ምን አለ መሰላችሁ? «ሐኪም ቤት መብራቱ ጥሩ ነው።» አሁን ይሄ መልስ ነው? ሐኪምን ያላመነ ሰው ማንን ያምናል?

ይባስ ብሎ ልጄን ጠራት። «እስቲ አንቺ አንሺ» አላት። አነሳች። ጥርት ያለ ነው። ደግማ አነሳች፣ ጥርት ያለ ነው። እሱ ራሱ አነሳ፤ ካሜራ አያያዝ የማያውቀው ሰውዬ፣ አናቱ የተቆረጠ ፎቶ ነው ያነሳው፤ የቀረው ፊት ግን ጥርት ያለ ነው።

«እንግዲህ ምን ትያለሽ?» አለኝ።

ልጄ መሬት መሬት ታያለች። «እማዬ፣ ትንሽ ብታርፊ...» አለችኝ። ልጄ! አምጬ የወለድኳት! የእሱ አልከፋኝም፤ ያን ቀን የከፋኝ የእሷ ነው።

ከዚያ የበር ላዩ ወሬ መጣ። መጋረጃው ውስጥ ሆኜ እሰማዋለሁ። «ይቅርታ አድርጉልን፣ የእሷ ዓይን ደክሟል፣ በቅርቡ ሰው እንቀይራለን» ይላል። ደግሞ የሚለው ከሐዘኔታ ጋር ነው፤ ከንፈር እያስመጠጠ። እኔን መቀስ አስያዘኝ። ፎቶ ልቁረጥ ተባለ፣ ልጄ በመሀል በመሀል እየተነሳች ታንሳ ተባለ፣ ሰው እስኪመጣ።

የሚመጣው ሰው ማን እንደሆነ ስሰማ ደሜ ፈላ። አማቹ ነው፤ የሚስቱ ወንድም፣ በየድግሱ ፎቶ እያነሳ የሚኖር ጎልማሳ። እሺ፣ ይምጣ። ግን በምን ሊያነሳ ነው? ዋርሳዬ ለልጄ ሲነግራት ሰማሁ፦ «መካከለኛውን እገዛለታለሁ። ባለሙያ በጀማሪ ካሜራ አይሠራም።»

መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። እኔ ስጠይቅ ጫማ ልትገዛ ነው ተባልኩ፣ ዝናብ የለም ተባልኩ፣ ምስሉ አንድ ነው ተባልኩ። እሱ ሳይጠይቅ ባለሙያ ነው ተባለ። እንዲህ ያለ ፍርድ የት ሀገር ነው ያለው?

ዋርሳዬ አዲሱን ካሜራ ሊገዛ ወጣ። የምሳ ሰዓት ስለነበር ደንበኛ የለም። ልጄን ጠራኋት።

«ያንን ካሜራ አምጪው።»

«እማዬ ተይ እንጂ፣ ደግሞ ልትናደጂ ነው።»

«ተናድጃለሁ። ከዚህ በላይ የት እደርሳለሁ? አምጪው አልኩሽ።»

አመጣችው። መጥረጊያውን በርጩማዋ ላይ ገትሬ አቆምኩና የዋርሳዬን ባርኔጣ ደፋሁበት።

«ማንን ነው የምታነሺው?» አለች ሳቋ እያመለጣት።

«አጎትሽን። ከእሱ ይልቅ ይሄኛው ነገር ይሰማል። አሁን አጠገቤ ቁሚ። እስካሁን ሁላችሁም ያያችሁት ፎቶውን ነው። እኔን እዪኝ።»

ካሜራውን ወደ ግራ ዓይኔ አስጠጋሁ፤ ሁልጊዜ እንደማደርገው ጫን አድርጌ፣ የብርሃን ፍንጣቂ እንዳይገባብኝ። ልጄ ጎንበስ ብላ አየችኝ። ከዚያ፣

«እማዬ...»

«ምን?»

«አፍንጫሽ።»

«አፍንጫዬ ምን ሆነ?»

«ስክሪኑ ላይ ተለጥፏል።»

«የት ላድርገው ታዲያ? ኪሴ ውስጥ?»

«ቆይ፣ ቆይ፣ ዓይንሽን እንዳታነሺ።» ጣቷን ከአፍንጫዬ ጎን ስክሪኑ ላይ አሳርፋ ስትጎትተው ተሰማኝ። «አሁን ነጥቧን እያት።»

«ሄደች! ይኸው ሄደች! ይኸው ተመለሰች! አላልኳችሁም?»

ነገሩ ይሄ ነው። ካሜራው በጣት ይታዘዛል ተብሎ ተገዛ፤ ዓይን መስኮቱ ላይ ሆኖ እንኳ ስክሪኑን በጣት እየነኩ ነጥቧን ማንቀሳቀስ ይቻላል። ልጄም ዋርሳዬም የሚያዩት በቀኝ ዓይን ስለሆነ አፍንጫቸው ከስክሪኑ ዳር ወጣ ይላል። እኔ በግራዬ ሳይ አፍንጫዬ የሚያርፈው ስክሪኑ ላይ ነው። ካሜራው አፍንጫዬን ጣት መሰለው። ትንሽ በተንቀሳቀስኩ ቁጥር፣ ፎከስ አድርግ ያልኩት እኔ መስዬው፣ ጆሮ ጌጥ ላይም ጨርቅ ላይም ሄደ።

ልጄ ቅንብሩ ውስጥ ገብታ አንድ ነገር ነካችና አጠፋችው። የመጥረጊያውን ፎቶ ደግሜ አነሳሁ። ኮምፒውተሩ ላይ ስታወጣው እያንዳንዱ ጭራሮ ለብቻው ይታያል።

«ይቅርታ እማዬ» አለችኝ። አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

አለቀስኩ ብል ውሸት ነው። ተናደድኩ። ሐኪም ቤት የሄድኩት፣ ከንፈር የተመጠጠልኝ፣ መቀስ የያዝኩት ለዚህች ነው? ከመካከላቸው አንዱ እንኳ፣ ሻይ ተጠጥቶ እስኪያልቅ ለምታህል ጊዜ፣ አጠገቤ ቆሞ እንዴት እንደምይዘው ቢያይ ኖሮ ያን ቀን ባለቀ ነበር። ሁሉም ለፎቶው አዘኑ፣ ሁሉም ለካሜራው ጠበቃ ቆሙ።

ዋርሳዬ አዲሱን ካሜራ አቅፎ ሲገባ ልጄ ነገረችው፣ አሳየችውም። ባንኮኒውን ተደግፎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

«አፍንጫ! እኔ እኮ ካሜራው ምንም አልሆነም ብዬ ነበር።»

«እኔስ ዓይኔ ምንም አልሆነም ብዬህ አልነበረም?»

«እሱማ... አሁን ተስተካከለ አይደል? ደስ ይበልሽ እንጂ።» ዓይኑን ጠረገ። «ብቻ ሰውየው ነገ ይጀምራል። ቃል ገብቻለሁ። አንቺ አረፍ በይ።»

«አረፍ የምልበት ጊዜ ሲደርስ እኔው እነግርሃለሁ።»

«እትዬ፣ ነገር አታክሪ።»

አላከረርኩም። ቤቴ ገብቼ ተኛሁ። በማግስቱ ግን በሩ ሲከፈት ቀድሜ ገባሁና ደንበኛ የሚቀመጥባት በርጩማ ላይ ቁጭ አልኩ። እጄን አጣምሬ። አማቹ መጣ፤ መካከለኛውን ካሜራ በሦስት እግሩ ላይ ገጠመና ቀና ሲል እኔን አየ።

«እንደምን አደሩ እትዬ። ላንሳዎት እንዴ?» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም።

«አንሳኝ። ዓይኔ እንዳለ አይተህ ለአማችህ ንገረው።»

ግራ ገብቶት ቆመ። ከመጋረጃው ወዲያ ሰልፉ ረዝሟል፤ ሰው ሁሉ ማዶ መሥሪያ ቤት ቶሎ ለመድረስ ይቸኩላል። ዋርሳዬ መጋረጃውን ገልጦ ገባ።

«ምን ሆነሻል?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ውረጂ እንጂ፣ ሰው እየጠበቀ ነው።»

«ይጠብቅ። አንተ ዓይኔ ደክሟል ስትል ቆሞ የሰማ ሰው፣ ይሄን ለመስማትም ይቆማል።»

«እባክሽ ድምፅሽን ቀንሺ።»

ጨመርኩት። «አንተ በር ላይ ስታወራ ቀንሰህ ነበር? ይሄ ቤት የባሌም ነው፤ ስለዚህ የኔም ነው። ዓይኔን ሐኪም አየው፣ ደህና ነው አለ። ካሜራውን ልጄ አየችው፣ የአፍንጫዬ ነገር ሆኖ ተገኘ። ታዲያ እኔ ለምንድን ነው መቀስ የያዝኩት?»

መጋረጃው መጀመሪያ በጣት ያህል ተከፈተ፣ ከዚያ በራስ ያህል። አንድ ሸካሚ ገመዱን ትከሻው ላይ እንዳደረገ አንገቱን አስገባ።

«ጋሼ፣ የምትጠይቅህን ስጣትና እንነሳ» አለው። «የማዶው ሰልፍ ያልፈናል።»

«እኔንስ ድሮ ያነሳችኝ እሷ ናት» አለች ከኋላው ያለች ሴት። «ዓይኗ ምን ሆነና?»

«አፍንጫ ነው አሉ» አላት ሌላው።

«የማን አፍንጫ?»

ሳቅ ሆነ። ዋርሳዬ ፊቱ ቀላ። ሰው ፊት መዋረድ አይወድም፤ እኔ ብቻ ነኝ መውደድ የነበረብኝ።

«እሺ፣ ምን ልሁንልሽ?» አለኝ።

«ሁለት ነገር። ካሜራውን እኔ እመርጣለሁ። በር ላይ ያልከውን ደግሞ እዚሁ ታፈርሰዋለህ።»

«ካሜራውን ውሰጂው! ውሰጂው፣ መካከለኛውን ውሰጂ፣ ብቻ ውረጂልኝ!»

ከበርጩማዋ አልወረድኩም። «ሁለተኛውስ?»

ወደ ሰልፉ ዞረ። ጉሮሮውን ጠራረገ። «እንግዲህ...» አለ፣ «ባለፈው ካሜራው ላይ ትንሽ ችግር ነበር። ተስተካክሏል። ይቅርታ እንጠይቃለን።»

ካሜራው ላይ! ትናንት ሲስቅ ካሜራው ምንም አልሆነም ያለው ይሄው አፍ ነው። ዓይኔን ጥፋተኛ ሲያደርግ አፉን ሞልቶ፣ ስሙን ጠርቶ ነበር። ነፃ ሊያወጣው ሲሆን ግን ካሜራው ላይ አላከከ፤ «ዓይኗ ደህና ነው» ከማለት ምላሱን መንከስ ቀለለው።

ልመልስለት ስል ሸካሚው፣ «በቃ እትዬ፣ ውረጂ፣ እኔ አምኜሻለሁ» አለኝ። ወረድኩ። የወረድኩት ለእሱ ብዬ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሚሸከም ሰው ሰልፍ ላይ ሊቆይ አይገባውም።

አማቹ ካሜራውን ከሦስት እግሩ ፈትቶ በሁለት እጁ ሰጠኝ። «እኔ የጀማሪውን ብይዝ ግድ የለኝም» አለ። «ድግስ ላይ ቀኑን ሙሉ አንገቴ ላይ ለማንጠልጠል ቀላሉ ይሻለኛል። የውጪውን ሥራ እኔ እወጣለሁ።» ይኸውና፣ ሁለት ካሜራ፣ ሁለት ሰው፣ ሁለቱም እንደ እጃቸው። ከመጀመሪያው የጠየቀን ቢኖር በዚህ ባለቀ ነበር።

ኋላ የሰሙ ዘመዶች፣ «የጀማሪውን ይዘሽ ብትቀሪ ኖሮ ታሳፍሪው ነበር፤ መካከለኛውን መቀበልሽ አሳነሰሽ» አሉኝ። ለምን ብዬ? እሱን ለማሳፈር ትንሿ ጣቴ አየር ላይ ተንጠልጥላ ትኑር? የጠየቅኩት እሱን ነው፣ የወሰድኩትም እሱን ነው። አላፈርኩም።

ሸካሚው በርጩማዋ ላይ ተቀመጠ። መካከለኛውን ወደ ግራ ዓይኔ አስጠጋሁት፤ አፍንጫዬ ስክሪኑ ላይ አረፈ፣ ምንም አልሆነም። መስኮቱ ወለል ብሎ ሸካሚው ጢሙ፣ ላቡ፣ ሁሉ ነገሩ ይታየኛል። ብርሃኑን በአውራ ጣቴ ትንሽ ቀነስኩለት። ይሄኔ ከመጋረጃው ወዲያ ዋርሳዬ ለአንዱ ደንበኛ ሲናገር ሰማሁት፦

«ዛሬ ጥሩ ይወጣል፣ ካሜራ ቀይረናል።»

ካሜራውን ከዓይኔ ሳላወርድ፣ «ዓይኗ ደህና ነው በላቸው!» ብዬ ጮህኩ።

ሸካሚው ካሜራውን ትክ ብሎ እያየ መልሱን ከእኔ ጋር ይጠብቃል። ሰልፉም ይጠብቃል።

«ቀጣይ!» አለ ዋርሳዬ። «ቀጣይ ተዘጋጁ!»